ያልሰጠሁህ ድምፅ

ጀማል፣ የራህማ አባት፤

ሁለተኛው ረመዳንም ያለ አንተ አለፈ። የመጀመሪያውን እንዴት እንዳለፍኩት አላስታውስም፤ ቤቱ ከሐዘንተኛ ገና አልጸዳም ነበር። የዘንድሮውን ግን ቀን በቀን አውቀዋለሁ። እጄ ለሁለት ሰው ለምዶ ሾርባውን ያበዛዋል፤ የተረፈውን በሳህን ለጎረቤት እየሰጠሁ ወሩን ጨረስኩት።

ቤቱ እንዳለ ነው። በረንዳው ላይ የነበረውን ረጅሙን አግዳሚ ለመስጊድ ሰጠሁት። የምክር ቤት አባል በነበርክ ጊዜ ማለዳ በሩን ስከፍት ማመልከቻ የያዘ ሰው በላዩ ተደርድሮ አገኝ ነበር፤ አሁን የሚቀመጥበት የለም። ራህማ ጅቡቲ ነው ያለችው፣ ሁለተኛ ልጇን ወልዳለች። ወንድ ነው፤ በስምህ ጠራችው። ፎቶውን ስትልክልኝ አንተን ፈለግኩበት፣ አጣሁህ። የአባቱን ግንባር ነው የያዘው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ለወሬ አይደለም። ከዒድ በኋላ አንድ ሰው ቤት መጣ። የቀድሞ የምክር ቤት አባላትን ታሪክ በመጽሐፍ ሊያሰባስብ ነው። ከሌላ አገር የመጣ መሆኑ ያስታውቃል፣ «እርስዎ» ይለኛል፤ እኛ ድሬዎች ሽማግሌውንም ሕፃኑንም «አንተ» እንደምንል ገና አልለመደም። ቅጽ አውጥቶ ይጠይቀኝ ጀመር። ሥራው ምን ነበር፣ ስንት ጊዜ ተወዳደረ፣ ስንት ጊዜ ተመረጠ። ሁሉንም መለስኩለት።

ሹፌር ነበር አልኩት። በሚኒባስ በቢዮ አዋሌ መንገድ ሰው እያመላለሰ አሥር ዓመት ኖሯል። ከገጠር ታማሚ ይዘው ሲወጡ ሂሳብ አይቀበልም ነበር፤ ሴቶች ጀሪካን ተሸክመው ሲያገኛቸው ይቆምላቸው ነበር። ለምርጫ እንዲወዳደር የገፋፉት እነሱው ተሳፋሪዎቹ ናቸው። በግል ነው የተወዳደረው፣ ምልክቱ ፋኖስ ነበር።

ያንን የመጀመሪያውን ምርጫ አስታወስኩት ጀማል። ራህማን አዝዬ ከቤት ቤት እየዞርኩ ማንበብ ለማይችሉ ሴቶች የፋኖሱን ሥዕል አሳይ ነበር። «ይህን ፈልጊ፣ አጠገቡ ያለውን አትንኪ» እላቸዋለሁ። አንተ ለቅስቀሳ የምትለብሰው ኮት አልነበረህም። ጓደኛህ ሐሰን፣ ቀፊራ ገበያ ሽርጥና የሴቶች ቀሚስ፣ ዲራ፣ የሚሸጠው፣ የሰርጉን ኮት አዋሰህ። ትከሻው ላይ ሰፋብህ፤ እሱም ከቀይ ክር በቀር የለኝም ብሎ በቀይ ክር አጠበበልህ። እያንዳንዱ ስብሰባ ላይ ከኋላህ ቆሞ ስፌቱ እንዳይታይ ሲጠብቅ ሰው ዘበኛህ መስሎት ነበር። ያሸነፍክ ዕለት ከእኔ ቀድሞ ያለቀሰው ሐሰን ነው።

ለሰውየው የሠራኸውንም ነገርኩት። ምክር ቤት ውስጥ ባማርኛ ጀምረህ፣ ሲብስብህ ወደ ኦሮምኛ ገብተህ፣ በሶማልኛ እንደምትጨርስ። ለቢዮ አዋሌ ነፍሰ ጡሮች አዋላጅ ነርስ እስክትመደብ ድረስ በየስብሰባው ያንኑ አንድ ጥያቄ ይዘህ ትነሳ እንደነበር። ለሰፈራችን ቦኖ ውሃ እንዳስገባህ። ሁለተኛውን ምርጫ ሳትለፋ ነው ያሸነፍከው፤ እኔም መዞር አላስፈለገኝም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለእሱ አልነገርኩትም። ሁለተኛው ጊዜ አንተን ከቤት ወሰደህ። ስብሰባ፣ ጉብኝት፣ ሽምግልና፣ የሰው ጉዳይ። ራህማ አባቷን ከቤት ይልቅ በሬዲዮ ትሰማው ነበር። በወንዙ ዳር ላሉ ቤቶች ቃል የገባኸው የድንጋይ ግድግዳ አልተሠራም፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር እዚያ ያሉት ሰዎች መጥተው ይወቅሱሃል፣ አንተ ደግሞ ወቀሳውን ይዘህ ትተኛለህ። አልነቅፍህም ነበር። አንድ ነገር ብቻ ውስጤ ቀረ።

ሐርላ መንደር ያለችው እናቴ ታመመች። ማክሰኞ ዕለት መልእክት ደረሰኝ። «ዛሬ ውሰደኝ» አልኩህ። «ስብሰባው ሐሙስ ያልቃል፣ ሐሙስ ራሴ ነድቼ እወስድሻለሁ» አልከኝ። ብቻዬን መሄድ እችል ነበር፣ እሱንም አውቃለሁ። ግን አንተ እንድትወስደኝ ፈለግኩ፣ ጠበቅኩህ። ሐሙስ ስንደርስ ከቀብር የተመለሱ ሰዎች እጃቸውን ሲታጠቡ አገኘናቸው። አንተ እዚያው አቧራው ላይ ተቀምጠህ አለቀስክ። እኔ አላለቀስኩም። ስንመለስም መንገዱን ሙሉ አላናገርኩህም፤ ከዚያ በኋላም ስለዚያ ቀን አንስተን አናውቅም።

ለሦስተኛው ምርጫ ስትመዘገብ እንዲበቃህ ለመንኩህ። «ግድግዳውን ሳልሠራ እንዴት አቆማለሁ?» አልከኝ። እውነትህን ነበር። የምርጫው ዕለት አብረን ሄድን፣ ተሰለፍን። ሰው ሁሉ እየሳቀ ሰላም ይልሃል። ወረቀቱን ተቀብዬ ከካርቶኑ መጋረጃ ጀርባ ብቻዬን ቆምኩ። ፋኖሱን አየሁት። ለስንት ሴት ያሳየሁት ሥዕል ነው። ከዚያ እጄ ወደ ታች ወረደና ሌላው ሥዕል ላይ ምልክት አደረገ።

ተበቅዬህ ነው ወይስ ቤትህ እንድትገባልኝ ፈልጌ? ስንት ጊዜ ራሴን ጠየቅኩ። አንዳንድ ቀን አንዱን እላለሁ፣ ሌላ ቀን ሌላውን። ወረቀቱን አጥፌ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት። ስወጣ በር ላይ ጠብቀኸኝ «ጨረስሽ?» አልከኝ። ጨረስኩ አልኩህ።

ውጤቱ በማግስቱ ጠዋት በትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ። ልዩነቱ ትንሽ አልነበረም፤ የኔ አንድ ድምፅ ቢጨመርልህም አታሸንፍም ነበር። ይህን ለማጽናኛ ብዙ ጊዜ ለራሴ ነግሬዋለሁ፣ አያጽናናም። ምክንያቱም አንተን የሰበረህ የጠቅላላው ድምር አልነበረም። የራሳችን ሰፈር የምርጫ ጣቢያ ቁጥር ነው። የሌላ ሰፈር ሰው ቢተውህ ይገባህ ነበር፤ ጣትህን ወረቀቱ ላይ አድርገህ የራሳችንን ጣቢያ ቁጥር ደጋግመህ ስታነብ ከጎንህ ነበርኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማን እንደከዳህ መፈለግ ያዝክ። ያን ሰሞን የተፎካካሪህ ፖስተር ሐሰን ሱቅ በር ላይ ተለጥፎ ነበር። ማን እንደለጠፈው ሐሰንም አያውቅም፣ ሲልጠው ቀለሙ ስለሚነሳ ተወው። አንተ ግን ያዝክበት። ሱቁ ድረስ ሄደህ ሰው ፊት «አንተም?» አልከው። ወላሂ ብሎ ማለልህ። አላመንከውም። ወደ ቤት ስትመለስ በር ላይ ቆመህ የተናገርከውን እስክሞት አልረሳውም። «ከዚህ ግቢ ውጪ የማምነው ሰው የለኝም» አልክ። እኔ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ማስጣቴን ቀጠልኩ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ነገ እላለሁ ስል ቀናት፣ ከዚያም ዓመታት ሄዱ። ሐሰን ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከ፣ መለስካቸው። ቀፊራ ስትሄድ በሱ ሱቅ በኩል ላለማለፍ ትዞር ጀመር። ማመልከቻ የያዘው ሰው ወደ አዲሱ ተመራጭ ሄደ። የተመኘሁት ይኸው ሆነልኝ፣ ቤትህ ገባህ። ግን የገባው ሌላ ሰው ነው። ከወንበር ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር። አንድ ጠዋት ሽርጥህን ልታስር ስትል ግራ እጅህ እምቢ አለህ፣ አፍህም ጠመመ። ሐኪሙ ደም ግፊት ነው አለ።

ተኝተህ ሳለህ ሐሰን ሊጠይቅህ መጣ። ሎሚና ቴምር ይዞ ነበር። ሰላምታ ሲያቀርብልህ ፊትህን ወደ ግድግዳው አዞርክ። ሐሰን አልጋህ አጠገብ ብዙ ቆየ። ሻይ አቀረብኩለት፣ አልጠጣውም። ሁለታችሁም ፊቴ ነበራችሁ ጀማል። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብናገር ያበቃ ነበር። ብርጭቆውን አንስቼ ወጣሁ።

የመጨረሻው ሳምንት ላይ አንደበትህ ትንሽ ተፈታና ጠራኸኝ። «ስለ እናትሽ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አልከኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ይዘኸው እንደኖርክ አላወቅሁም ነበር። አፉ ብዬሃለሁ አልኩህ፣ እውነቴን ነበር። ከዚያ ፊቴን ታይ ጀመር፤ የኔን ተራ የምትጠብቅ መሰለኝ። ሰው ሲለያይ እኮ ሁለቱም ናቸው አፉ የሚባባሉት። እኔ ግን ትራስህን አስተካከልኩ። ይኼው ነው ያደረግኩት። እንዳይከፋህ ብዬ ነው እያልኩ ከሰነበትኩ በኋላ፣ ፈርቼ እንደሆነ አሁን አምናለሁ። በሦስተኛው ቀን አረፍክ። ጀናዛህን ከተሸከሙት ውስጥ ሐሰን አንዱ ነበር፤ ሌሎቹ ሲፈራረቁ እሱ ትከሻውን አልለቀቀም።

ያ ሰውዬ ቅጹ ላይ የመጨረሻውን ጥያቄ ጠየቀኝ። «ለሦስተኛ ጊዜ ያልተመረጡበት ምክንያት ምን ይመስልዎታል?» ብዕሩን ይዞ ጠበቀኝ። አላውቅም አልኩት፣ እሱም «አልታወቀም» ብሎ ጻፈ። አመስግኖኝ ሄደ። እኔ ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም። የአስር ሶላት ተሰግዶ ሰው ከመስጊድ ሲወጣ ሻርፔን ደርቤ ወደ ቀፊራ ሄድኩ።

ሐሰን አርጅቷል። ጺሙን ሂና ተቀብቶ፣ ጨርቁን ለዓይኑ እያቀረበ ነው የሚለካው። ደንበኛዋ እስክትሄድ ቆየሁና ሁሉንም ነገርኩት። ከካርቶኑ ጀርባ ያደረግኩትን፣ በር ላይ ሰምቼ ዝም ማለቴን፣ ብርጭቆውን ይዤ መውጣቴን። እንዲጮህብኝ ፈልጌ ነበር። የሰደበኝ እንደሆነ ይቀለኛል ብዬ።

ጨርቁን አጣጥፎ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ «አንቺ ነሽ» አለ፤ የሚጠይቅ አይመስልም።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

«አሁን ለምን ነገርሽኝ ዋላል፣ እህቴ? እኔ እንዳልከዳሁት እኔ አውቃለሁ። ማወቅ የነበረበት እሱ ነው።»

«አፉ በለኝ» አልኩት።

ወደ መንገዱ እያየ ነበር። «የኔን አፉ ልልሽ እችላለሁ» አለ። «የሱን ግን ከየት አምጥቼ ልስጥሽ?» ሌላ ደንበኛ ገባች፣ እሱም ሊያስተናግዳት ዞረ። ጥቂት ቆሜ ስጠብቅ መልሶ አላየኝም።

ወደ ቤት የመጣሁት በደረቁ ወንዝ በኩል ነው። ለሐሰን ከመንገሬ በፊት፣ የነገርኩት ዕለት ይወጣልኛል የሚል አንድ ተስፋ ነበረኝ። አሁን እሱም የለኝም። ሐሰን ያለው እውነት ነው፤ አፉ የምትለኝ አንተ ነህ፣ አንተ ደግሞ አትመልስም። ዱአ ሳደርግልህ እንኳን ቃሉ አፌ ላይ ይቆማል፤ በሕይወትህ ሳለህ ላንተ ያልነገርኩህን ለአላህ ስናገር አፍራለሁ። ለራህማ አልነገርኳትም። እነግራታለሁ፤ ከዚያ በኋላ ትደውልልኝ እንደሆን አላውቅም።

ያ ቅጽ የያዘው ሰውዬ የስልክ ቁጥሩን ትቶልኝ ሄዷል። ደውዬ ያንን «አልታወቀም» የሚለውን ሰርዝ እለዋለሁ። በምትኩ የሚጽፈውን እሱ ያውቃል፤ እኔን ግን የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ አንድ መልስ ነው የሚሰማው። ጀማል ሦስት ጊዜ ተወዳደረ፤ ሁለት ጊዜ ሰው መረጠው፤ ሦስተኛውን ጊዜ ሚስቱም አልመረጠችውም፤ ጓደኛው ሐሰን ግን መርጦት ነበር። ዕድሜ እስከሰጠኝ ድረስ እንዲህ አድርጌ አስታውስሃለሁ፣ ከነድልህ፣ ከነሽንፈትህ፣ ከነኔ።

ዘይነብ
መጋላ፣ ድሬዳዋ