ከጎኔ ያለው ወንበር

እሁድ፣ ጥር 9 ቀን

ለልጄ እናት፣

ጤናሽን ከልጃችን አፍ እሰማለሁ። ከኦፕሬሽኑ በኋላ ወገብሽ ደረጃ ስትወጪ ብቻ እንደሚያስቸግርሽ ነግራኛለች። እኔ ደህና ነኝ። ከሄድሽ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው፤ ቤቱ እንዳለ ነው። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ማንጠባጠቡን አቁሟል። አንቺ እያለሽ ሁለት ዓመት ሙሉ "ነገ እሠራዋለሁ" ያልኩት፣ በሄድሽ በሳምንቱ ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ።

ያልደወልኩት ንቄሽ አይደለም። ስልክ ላይ ነገር አይሆንልኝም።

የምጽፍልሽ ስለ መኪናው ነው። ወረቀቱን ከመቅደድሽ በፊት ጨርሺው።

የልጅ ልጃችንን ለማየት በሃያ ሦስት በባቡር እንደምትመጪ ሰማሁ። ከጣቢያው ልጃችን ቤት ድረስ የአራት ሰዓት መንገድ ነው። "አባዬ ያድርስሽ" ብትልሽ፣ "በዚያ ጩኸት ከምሄድ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ከሻንጣ ጋር ብታሰር ይሻለኛል" አልሽ አሉ። እየሳቀች ነው የነገረችኝ። እኔም ሳቅኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ጋራዥ ገብቼ መኪናውን በክሪክ አነሳሁት።

ታሪኩን ታውቂዋለሽ። ያንን ስፖርት መኪና ከቁርጥራጭ ብረት ክምር አውጥቼ በእጄ ነው ያቆምኩት። ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታ ቆርጬ የጣልኩትም እኔው ነኝ። የጭስ ማውጫ ሠራተኛ ሆኜ፣ የሰውን መኪና ሁሉ ዝም አሰኝቼ፣ የራሴን አስጮህኩ። ቀይ መብራት ላይ ሰው ዞር ብሎ ሲያየኝ ደስ ይለኝ ነበር። አንቺ "ራሴን ፈለጠኝ" ስትዪኝ፣ "ሞተር እኮ ነው፣ ይለመዳል" እልሽ ነበር። በአሥራ አንድ ዓመት አልተለመደም።

እናም አዲስ ማርሚታ ሠራሁለት። ሁለት ክፍል አለው፤ ውስጡን እሳት በማይበላው ሱፍ ጠቀጠቅኩት። ሞተሩን አስነስቼ፣ እንደ ልማዴ ከኋላ ቆሜ፣ መዳፌን ጭስ ማውጫው አፍ ላይ ደቀንኩ። ድምፁ የተኛች ድመት ይመስላል። በቃ ጨረስኩ አልኩ።

ከጋራዡ አጠገብ የመኪና ወንበር ልብስ የምትሰፋ ሴት ሱቅ ተከራይታለች። አታውቂያትም፣ ካንቺ በኋላ ነው የመጣችው። ምላሷ ከመቀሷ ይብሳል። "ነይ እስቲ አንድ ዙር ልውሰድሽ፣ ፍረጂኝ" አልኳት። ዋናው መንገድ ላይ ወጥተን ፍጥነቴ ሰማንያ ሲገባ ፊቷ ተለወጠ።

"እንዴት ነው?" አልኳት።

"ጋሼ፣ የውጭውን መንገደኛ አሳርፈኸዋል። እኛ ግን በርሜል ውስጥ ነን።"

"ምንም አይሰማም እኮ!"

"ላንተ ነዋ! መሪ የያዘ ሰው ምን ይሰማዋል? ውረድ፣ ቦታ እንቀያየር።"

መኪናውን ከሠራሁ ጀምሮ ከጎን ያለው ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ማን ሊነዳው? ሰማንያ ላይ ስትደርስ የመጣው ድምፅ አልነበረም፤ የወለሉ ንዝረት ነው። በእግሬ ገብቶ፣ በወገቤ አልፎ፣ ጥርሴ ውስጥ ቆመ። ያንቺ ወገብ ትዝ አለኝ።

"አቤት ፊትህ!" አለችኝ። "ሚስትህ በዚህ ስንት ዓመት ሄደች?"

"አሥራ አንድ።"

"ሐውልት ይገባታል።"

ጥፋቱን በማግስቱ አገኘሁት። የጭስ ቧንቧውን ከመኪናው ወለል የሚያንጠለጥለው ላስቲክ መሆን ነበረበት። ላስቲክ ቶሎ ያልቃል ብዬ ያኔ በብረት በይጄዋለሁ፤ በትክክል ካንቺ ወንበር ሥር። የሞተሩን እያንዳንዱን ምት ተሸክሞ እግርሽ ድረስ የሚያደርስልሽ እሱ ነበር። ጀማሪ እንኳ አይስተውም። ለሠላሳ ዓመት መኪና የመረመርኩት ከኋላ ቆሜ ነውና አላየሁትም። ቆርጬ ላስቲክ አደረግኩለት። የቀረውን ጉምጉምታ እንዲውጥ ደግሞ ከዋናው ቧንቧ ጎን፣ ጫፉ የተደፈነ አጭር ቧንቧ በየድኩ። ልኩን ያገኘሁት አራት ጊዜ ቆራርጬ ነው። ከጎን ሆኜ ልሞክረው፣ ንጂልኝ እያልኩ በየጊዜው ሰፊዋን ስለምን፣ "ጋሼ፣ ለዚህ መኪና ካንተ ይልቅ እኔ ሳልቀርበው አልቀርም" አለችኝ።

ሐሙስ ዕለት ወለሉ ላይ ወፍራም ሱፍ ልታነጥፍ ወንበርሽን ፈታችው።

"ጋሼ፣ እዚህ አይጥ ጎጆ ሠርታብሃለች!"

ሄጄ አየሁ። ከወንበሩ ሥር፣ በበሩ በኩል፣ ጥጥ ነው። በጣት የተድቦለቦለ። አንዳንዱ ገና ነጭ፣ አንዳንዱ በአቧራ የጠቆረ። አንድ እፍኝ ይሞላል።

ከመውረድሽ በፊት ከጆሮሽ እያወጣሽ እዚያ ትወሽቂው ነበር ለካ። እኔ እንዳላይ።

"አዎ፣ አይጥ ናት" አልኳት። አንዱን አንስታ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ፣ ጥጡን ሰብስባ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ።

ማታ ቤት ገብቼ፣ መኪና ውስጥ ማውራት ያቆምሽው መቼ እንደሆነ ላስታውስ ሞከርኩ። አልመጣልኝም። ልብ ብዬው አላውቅም።

አሁን መኪናው ጸጥ ብሏል። የእኔን ቃል አትመኚ፤ ሰፊዋ ትናንት ከጎኔ ተቀምጣ ግማሹን መንገድ እንቅልፍ ወስዷታል። በሃያ ሦስት ጠዋት ጣቢያው በር ላይ እቆማለሁ። ካልፈለግሽ አውቶቡሱ እዚያው ፊት ለፊት ነው፤ ሻንጣሽን እጭንልሻለሁ፣ አልከራከርሽም። ወንበሩን ግን ወደ ኋላ ገፋ አድርጌዋለሁ። ለወገብሽ ትራስ አለ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ለልጃችን አልነገርኳትም። ቀኝ ጆሮዬ አይሰማም። ሐኪሙ ብረት ከመቁረጡ የመጣ ነው አለ። ግራውም ያዝ ለቀቅ ያደርገዋል። ከጀመረኝ ዓመት ሆኖታል። አንቺ አብረሽኝ እያለሽ ሁለቱም ደህና ነበሩ፤ ሰበብ አላደርገውም። የሄደው ቀኙ ነው፣ አንቺ በምትቀመጪበት በኩል ያለው። ስለዚህ እየሄድን አውርተሽኝ ካልመለስኩልሽ፣ መኪናው አይደለም። ክንዴን ነካ አድርጊና ድገሚልኝ።

መንገድሽን የቀና ያድርግልሽ። ለሕፃኗ ዕድሜ፣ ለወገብሽ ምሕረት ይስጥልን።

የልጅሽ አባት