በነርሷ ኪስ ውስጥ የከተትኩት

ጥር 20
ኮሌጅ ፈተና ሳርም ዋልኩ። ማታ ቪዛው መጣ። አባባን ለልብ ቀዶ ጥገና ዴልሂ ልወስዳቸው ነው። ጎረቤቴ ወለላ ባሏን እዚያ አሳክማለች። "ለነርሶቹ ጉርሻ ጣል ካላደረግሽ ዞረው አያዩሽም" አለችኝ። ስንት? መቼ? እንዴት ተብሎ ነው የሚሰጠው? አባባ ሳቁ። "እኔስ ቆረብሁ፤ አንቺን ምን አስፈራሽ?"
ሁሉም ነገር ነው የሚያስፈራኝ።

የካቲት 2፣ ዴልሂ
ሻንጣ ለያዘልን ሰውዬ ጉርሻ ሰጠሁት። ቆሞ አየኝ... አነሰው? በዛ? አስተርጓሚያችን ገድሉ፣ የደብረ ታቦር ልጅ፣ ሳቀብኝ። "ለሾፌር ስጪ፣ ለአስተናጋጅ ስጪ። ሆስፒታል ውስጥ ግን እንዳትሞክሪው።" ወለላ ያለችው ሌላ። ማንን ልመን?

የካቲት 4
ቀዶ ጥገናው ነገ ነው። አባባን የምትንከባከበው ነርስ ሱኒታ ትባላለች። ደግ ትመስላለች። ግን ብትረሳቸውስ? ብትሰለችስ? ኮሪደር ላይ ጠብቄ ገንዘብ ዘረጋሁላት። "ኖ፣ ኖ" አለች። እኛ አገር በመጀመሪያው እሺ የሚል ማን አለ? አፍራ ነው ብዬ "በሞቴ!" እያልኩ ኪሷ ውስጥ ከተትኩት። ፊቷ ልውጥ አለ። ቀና ብላ ጣሪያው ላይ ያለውን ካሜራ አየች።
ምን አደረግኩ?

የካቲት 5
አባባ በሰላም ወጡ። ተመስገን!
ሱኒታ አልመጣችም።

የካቲት 7
ዛሬም የለችም። ገድሉ ጠይቆ መጣ። "ኃላፊዋ ጠርታት ነበር" አለኝ፤ ከዚያ ወዲያ የሚያውቀው የለም። አባረሯት ይሆን? ልጆች ይኖሯት ይሆን? ገድሉን ይዤ ኃላፊዋ ቢሮ ገባሁ። "እሷ አልተቀበለችም፤ እኔ ነኝ በግድ የከተትኩባት። እኛ ዘንድ እምቢታ ወግ ነው፤ ሰጪው ነው የሚለምነው" አልኩ። ሴትየዋ ፈገግ ብላ አመሰገነችኝ። በሩንም ከፈተችልኝ።
ፈገግታው ይብስ አስፈራኝ።

የካቲት 16
ነገ ወደ አገራችን እንመለሳለን። በሱኒታ ቦታ ሌላ ነርስ ገብታለች።

ሚያዝያ 9፣ ባሕር ዳር
አባባ ስለታቸውን ሊያደርሱ ዘጌ ሄድን። ከጀልባ ስንወርድ ለባለጀልባው ለገብረ ኪዳን ጉርሻ ዘረጋሁ። "ኧረ በማርያም! አባትሽን፣ መሪጌታን አሻግሬ ጉርሻ እቀበላለሁ?" አለ። ወጉ ነው፣ አውቃለሁ። በሞቴ ማለት ነበረብኝ። ብሩን ግን ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩት።
ገብረ ኪዳን ክው ብሎ ቀረ። አባባ መንገድ ላይ ተቆጡኝ። "ሰውየውን አስቀየምሽው'ኮ! ምን ነካሽ?"
"እምቢ አለኝ" አልኳቸው።
"እና ቢልስ?"
ሱኒታም እኮ እምቢ ብላኝ ነበር።