የገዛ ድምፄን ለይቼ ስለወደቅሁበት ፈተና

ለተከበሩ የሙዚቃ ባለሙያዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ባሉበት

የተከበሩ ሊቀመንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ በክብር የተለካ ሰላምታዬ ደረጃውን ወጥቶ እስከ ሦስተኛ ፎቅ፣ እስከ አዲሱ ቢሮዎ ይድረስልኝ። ለመሆኑ እንደምን ከረሙ? ብርድ ሲነካው የሚዘጋው ጉሮሮዎ፣ ብዙ ሲቀመጡ የሚይዝዎ ወገብዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በዚህ ሰሞን ክፉኛ የታመመ የሚመስለው የማስታወስ ችሎታዎ ፈጥነው እንዲያገግሙ ምኞቴ ነው። እኔ፣ ማኅበርዎ በቁጥር፣ በቀንና በማኅተም አስደግፎ «ለሙያው ብቁ ሆኖ አልተገኘም» ብሎ ከጻፈልኝ በቀር፣ ምንም አልሆንሁም።

ነገሩ በሁለታችን መካከል ቢያልቅ በወደድሁ ነበር። ነገር ግን አሥራ አንድ ጊዜ ደውዬ ስልክዎ አልተነሳም፤ በአካል ስመጣም ጸሐፊዎ በትሕትና «ስብሰባ ላይ ናቸው» ብለው መለሱኝ። ክቡርነትዎ ከመስታወቱ በር ማዶ ብቻዎን ተቀምጠው ብርቱካን ሲልጡ አይቻለሁ። ስብሰባው ከብርቱካኑ ጋር ከነበረ ቃለ ጉባኤው እንዲደርሰኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እስከዚያው ግን የምለውን በአደባባይ ማለት ግድ ሆነብኝ።

ጉዳዩን ለማያውቁ አንባቢዎች በአጭሩ ላስረዳ። እኔ በማንም ኩባንያ ሥር ያልሆንሁ፣ ከአንዲት ልብስ ሰፊ ጎረቤቴ ሱቅ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ስቱዲዮ ከፍቼ አሥራ አራት ዓመት የሠራሁ ሙዚቀኛ ነኝ። አቀናብራለሁ፣ ድምፅ እቀርጻለሁ፣ ኪቦርዱንም ቤዝ ጊታሩንም እጫወታለሁ፣ ተቀባይ ሲቀር እኔው እቀበላለሁ፤ ጣሪያው ሲያፈስም ባልዲ የማቀርበው እኔው ነኝ። ግድግዳዬ በአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ የተለበጠ ነው፤ በሬ ላይ ሁለት ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። ክቡር ሊቀመንበሩ ደግሞ ከመሾማቸው በፊት በዚህች ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ያዜሙ ድምፃዊ፣ ባልንጀራዬ፣ እናቴም «ሁለተኛው ልጄ» የምትላቸው ሰው ነበሩ።

ማኅበሩ በእርስዎ መሪነት የብቃት ማረጋገጫ የሌለው ስቱዲዮ ሁሉ እንዲታሸግ ሐሳብ ሲያቀርብ፣ በአዳራሹ ውስጥ ከሁሉ ቀድሞ እጁን ያወጣው እኔ ነበርሁ። በሰው ልፋት ስም የሚያወጣውን ከለፊው ይለይልናል ብዬ ነው። አልተሳሳትሁም፤ ይኸው ለየን።

በፈተናው ዕለት ሦስት ፈታኞች በረጅም ጠረጴዛ ተቀምጠው ጠበቁኝ፤ እርስዎ መካከል ላይ ነበሩ። «ለአመልካቾች በአርአያነት የተመረጠ፣ ጥራቱ የተመሰከረለት ሥራ» ያሉትን አጫውተው በእሱ ላይ ሦስት ጥያቄ እንድመልስ አዘዙኝ። የተመረጠው ሥራ የእኔ ነበር። እርስዎ ያዜሙት፣ እኔ ያቀናበርሁትና የቀረጽሁት፣ እርስዎን ከሰው ያስተዋወቀ ያ ዘፈን። ያውም ለሕዝብ የወጣው ቅጂ አይደለም፤ ጫፍና ጫፉ ያልተቆረጠው፣ በጊዜው «ለማስታወሻ ይሁነኝ» ብለው ከእኔ የወሰዱት ጥሬ ቅጂ ነበር። ጥሬውን ካለቀለት መለየት የአቀናባሪ ሥራ ስለሆነ፣ ከመሳቢያዎ የመጀመሪያውን አንስተው ማምጣትዎን በበደል አልቆጥረውም። ቅር የተሰኘሁባቸውን ነጥቦች ግን እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት የሚቆጥረው ድምፅ የማን ነው የሚል ነበር። ድምፃዊው በምቱ እንዲገባ የሚቆጥርለት ሰው አለ፤ ቆጠራው በኋላ ተቆርጦ ይጣላል። በዚያ ጥሬ ቅጂ ላይ አልተቆረጠምና ጥርት ብሎ ይሰማል፦ «አንድ፣ ሁለት፣ እግርህን አታንኳኳ አልኩህ እኮ፣ ሦስት፣ አራት።» እኔም «የእኔ ድምፅ ነው» ብዬ መለስሁ። ሌላ ምን ልበል? ትክክለኛው መልስ «የድምፃዊው» መሆኑን በቀይ እስክሪብቶ ጻፉልኝ። የተከበሩ ሊቀመንበር፣ አንድ ሰው ለራሱ ቆጥሮ፣ መሐል ላይ ራሱን ተቆጥቶ፣ ከዚያም ትንፋሽ ሳይወስድ ዜማ ውስጥ ከገባ በእውነቱ ሊደነቅ ይገባዋል። በቀኝዎ የተቀመጡት ፈታኝ ይህንኑ «ራስን የመግዛት ጥበብ» ብለው አድንቀውታል። እርስዎ ቀና አላሉም፤ ወረቀትዎ ላይ ክብ ይሥሉ ነበር። እግርዎ ግን ከጠረጴዛው ሥር ያንኳኳ ነበር።

ሁለተኛ። ሁለተኛው ጥያቄ ከዜማው ሥር የሚርገበገበው ምት በምን መሣሪያ እንደተሠራ የሚጠይቅ ነበር። የጎረቤቴ የልብስ ስፌት መኪና መሆኑን አስረዳሁ። በዚያ ቀን የተማሪዎች ደንብ ልብስ ደርሶባት፣ «እባክሽ አምስት ደቂቃ ብቻ አቁሚልን» ብዬ ብለምናት «አንተ ቅረጽ፣ እኔ ልስፋ፤ ማን ማንን ከለከለ?» ያለችኝን ሴት እርስዎም ያስታውሷታል፤ የኮትዎን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ተክላልዎታለች። እሷን ማስቆም ቢያቅተኝ ከበሮውን በእሷ መርገጫ ልክ አስኬድሁት። ፈታኞቹ ሳቁብኝ። ትክክለኛው መልስ ለካ «ከውጭ የመጣ ዘመናዊ የኤሌክትሮኒክስ ምት» ኖሯል። ይህን ብነግራት ጎረቤቴ ያችን ዝገት የበላት መኪና በንጹሕ ጨርቅ ሸፍና «ከዛሬ ጀምሮ ተጠንቅቃችሁ ንኳት» ማለት ጀምራለች፤ ስለ ማዕረጉም ምስጋናዬን አድርስልኝ ብላኛለች።

ሦስተኛ። ሦስተኛው ጥያቄ አቀናባሪው ማን ነው የሚል ነበር። ስሜን ስናገር የአልበሙን ሽፋን አሳዩኝ፤ ቅንብር በሚለው ቃል ሥር ያለው የእርስዎ ስም ብቻ ነው። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔም ስለሆነ አልሸሽገውም። ሽፋኑ ሊታተም ሲል መጥተው «ቦታ ጠበበ፤ ያንተን በሚቀጥለው እናስገባለን» አሉኝ። እኔም «በወንድማማች መካከል ስም ምን ያደርጋል» ብዬ ሳቅሁ። በሁለተኛው አልበም ላይም ቦታ ጠበበ። በሦስተኛውም ጠበበ፤ ፎቶግራፍዎ ግን ከአልበም ወደ አልበም እየሰፋ ይሄድ ነበር። የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ እንዲሉ፣ እኔም ያችኑ «ምን ያደርጋል» እየደጋገምሁ ኖርሁ። ስም ምን እንደሚያደርግ የተረዳሁት በፈተናው ቀን ነው፤ ሊቀመንበር ያደርጋል።

ሽፋኑን ሲያሳዩኝ ወደ እርስዎ ዞር አልሁ። አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። «እሱ ነው» ቢሉ ሁላችንም ስቀን ወደየቤታችን በሄድን ነበር። እርስዎ ግን ጉሮሮዎን ጠርገው «ቀጣዩ አመልካች ይግባ» አሉ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ማንም ሳይቆጥርልዎ በሰዓቱ ሲገቡ ያየሁዎት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ዘፈኑም ገና እየተጫወተ ነበርና እጅዎን ሰድደው ማጫወቻውን አጠፉት። የማጥፊያውን ሰዓት ማወቅዎ አስደንቆኛል። መጨረሻውም እንደ መጀመሪያው አልተቆረጠም፤ ሙዚቃው ካለቀ በኋላ እርስዎ ማይክሮፎኑ ፊት እንደቆሙ «ተሳካልን ወንድሜ! አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?» የሚሉት እዚያ ላይ አለ። አሥር ሰከንድ ቢቀረው ነው። ሥራውን እንደማያስታውሱት አስቤ ላዝንልዎ ነበር፤ ጣትዎ ግን ሁሉን ያስታውሳል። የእኔ ቅጂ ጣሪያው ባፈሰሰ ጊዜ ከነኮምፒውተሩ መበላሸቱንም ያውቃሉ፤ ኮምፒውተሩን በፎጣ ያደረቅነው አብረን ነው።

እናም ከሦስት ጥያቄ ዜሮ አገኘሁ። ውጤቱን የሚያብራራው ደብዳቤ «አመልካቹ የሌላን ሰው ሥራ የራሱ አድርጎ የማቅረብ ዝንባሌ አሳይቷል» ይላል። ይህን ዓረፍተ ነገር ቆሜ አነበብሁት፣ ተቀምጬም አነበብሁት፤ ከሥሩ ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው። ፊርማዎ አምሮበታል።

አራተኛ። ስቱዲዮዬ ሰኞ ጠዋት ይታሸጋል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል እሰማ ነበር፤ ማኅበርዎ ግን እስኪጠራ የመጠበቅ ልማድ የለውም። በጅምር ካሉት ሥራዎች አንዱ የአንድ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሠላሳ ዓመት መሪ ላይ ሆነው ያንጎራጎሯቸውን ስምንት ዜማዎች ይዘው መጡ፤ አምስቱን ጨርሰናል። ሳምባቸው እየደከመ ስለሆነ በቀን ከግማሽ ሰዓት በላይ አያዜሙም። ሌላ ስቱዲዮ እንዲሄዱ ብለምናቸው «ሌላ ቦታማ ሞከርኩ፤ ድምፄን በማሽን አቃንተው ሌላ ሰው አደረጉኝ። ልጄ፣ ትንፋሼ ሳያልቅ አንተው ጨርስልኝ» አሉኝ። ሰኞ መጥተው በሩ ላይ ወረቀት ሲያዩ ምን እንደምላቸው ከጽሕፈት ቤትዎ የተዘጋጀ መልስ ካለ ይላክልኝ።

አምስተኛ። እናቴ «ያ ልጅ ምነው እግሩ ጠፋ? አሞት ይሆን?» እያለች ትጠይቀኛለች። «ተሹሞ ነው» ብላት ትንሽ አሰብ አድርጋ «እግዜር ይማረው» አለች። የሆነውን አልነገርኋትም። ለእርስዎ ስል አይደለም፤ በዚህ ዕድሜዋ ልጅ እንዳይሞትባት ብዬ ነው።

ይህ ሁሉ እንዳለ ሆኖ ምስጋናዬን ሳላቀርብ ባልፍ ነውረኛ እባላለሁ። ሊቀመንበር ሆነው በተመረጡበት ቀን ድምፅ ማጉያውን ተሸክሜ መጥቼ፣ ንግግርዎ በር ጠባቂው ዘንድ ሳይቀር እንዲሰማ አስተካክዬልዎ ነበር፤ «ያለ ወዳጆቼ እዚህ አልደርስም» ያሉትን በጥሩ ጥራት ሰምቻለሁና አመሰግናለሁ። ከወዳጅነት ወደ አመልካች ቁጥር ሠላሳ አራት ስላሳደጉኝም አመሰግናለሁ። በዚያ አርአያ በሆነው ሥራ ላይ አድማጩ ሁሉ አፉን ከፍቶ የሚያዳምጠው፣ ከፍ ብሎ የሚወጣው የመጨረሻው ድምፅዎ፣ ከሃያ ሦስት ቀረጻ ቁርጥራጭ ለቃቅሜ የገጣጠምሁት መሆኑን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ወደፊትም ቢሆን አልናገርም። የሙያ ምስጢር ነውና በእኔ ይተማመኑ።

ከዚህ በኋላ ያለው ቀልድ አይደለም። ያመመኝ መውደቄ አይደለም፤ በራሱ የሚተዳደር ሙዚቀኛ መውደቅ ብርቁ አይደለም። ያመመኝ ሌላ ነው። ድምፅህ የጠፋብህ ጊዜ፣ ሐኪሙ «ላይመለስ ይችላል» ብሎህ ስቱዲዮዬ ወለል ላይ ተቀምጠህ እንደ ሕፃን ስታለቅስ፣ አሥራ ሰባት ቀን ሙሉ ሥራዬን ዘግቼ፣ ለብ ያለ ውኃ በማር እያጠጣሁህ፣ በወረቀት እየተጻጻፍን፣ «ይመለሳል፣ አይዞህ፣ ይመለሳል» ያልሁህ እኔ ነኝ። ተመለሰልህ። ከዚያ ከተመለሰው ድምፅ አንዲት ቃል ብፈልግ ነፈግኸኝ። እወድህ ነበር፤ ከወንድም አብልጬ።

ይቅርታ ይደረግልኝ፤ «አንተ» ማለቴ አፌ ለድሮው ሰው ለምዶ ነው፤ እርስዎን ለመዳፈር አይደለም።

ወንበርዎ እንዲሞቅ፣ ማኅተምዎ እንዳይደርቅ፣ ፈታኞችዎ እንዲበዙ፣ ብርቱካንዎም ጣፋጭ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከዚህ ወረቀት ሌላ የሚታሸግ ነገር እስኪያጡ ድረስ ከአክብሮት ጋር የእርስዎው ነኝ፤

የገዛ ድምፁን በማወቅ ስሕተት የተገኘበት፣
የሌለ አቀናባሪዎ፣
አመልካች ቁጥር ሠላሳ አራት

ድኅረ ጽሑፍ፦ የማኅበሩ ደንብ ይግባኝ ስለሚፈቅድ ቅጹን ሞልቼ ለጸሐፊዎ አስረክቤያለሁ። አንድ መስመር ብቻ ባዶ ቀርቷል፤ ቀረጻው ሲካሄድ በክፍሉ ውስጥ የነበረ ምስክር ይፈርም ይላል። በክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን። አንደኛው መስክሮ ዜሮ ተሰጥቶታል። ሁለተኛውን እስከ ሰኞ ጠዋት ካላገኘሁት በሬ ይታሸጋል። በየሄድሁበት እጠይቃለሁ፤ ሰዎች ሁሉ ወደ እርስዎ ቢሮ ይጠቁሙኛል። መጥቼ በሩቁ አየሁት፤ መልኩስ እሱኑ ይመስላል፤ ሰውየው ግን እሱ አይደለም።