ዝገቱ ሲነሣ ስለ ታዩት ሁለት ብየዳዎች

ለክቡር የተሽከርካሪ ምርመራና ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት።

ጉዳዩ፦ የሟች ልጄ ንብረት በሆነው አሮጌ ፒክአፕ ሻንሲ ላይ ያሉት ሁለት ብየዳዎች እስከ ወሩ መጨረሻ ተቆርጠው እንዲወጡ፣ ካልወጡም መኪናው ከመዝገብ እንዲሰረዝ ስለ ተወሰነው ውሳኔ የቀረበ ምስጋናና አቤቱታ።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ደኅንነት፣ ለወንበርዎም ምቾትን እመኛለሁ። በልጅነቴ ከመምህሬ እግር ሥር ተቀምጬ ፊደልን በቃልና በአርጩሜ የተማርሁ፣ ኋላም ለአርባ አንድ ዓመት የእጅ ጽሕፈት ያስተማርሁ ሰው ነኝና ለባለ ሥልጣን እንዴት እንደሚጻፍ አውቃለሁ። ይህን በአደባባይ መጻፌ ጠብ ፈልጌ አይደለም። በግል የጻፍኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ፣ ብዙ ሰው ያነበበው እንደ ሆነ ምናልባት ለእርስዎም ይደርስ ይሆናል ብዬ ነው።

ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. አስቀድሜ ስላለፉት ሰባት ዓመታት አመሰግናለሁ። መኪናው በየዓመቱ ለምርመራ ሲቀርብ መርማሪዎችዎ ጎንበስ ሳይሉ፣ መብራቱ መብራቱንና ክላክሱ መጮኹን ብቻ አረጋግጠው አሳልፈውታል። ሻንሲው ቅርፊት እንደ ያዘ ቁስል በዝገት ተሸፍኖ ሳለ ቅር ያለው ሰው አልነበረም። ዘንድሮ፣ ልጄን ከቀበርሁ በኋላ፣ መኪናውን እኔ ባቀረብሁበት ቀን ግን አንድ መርማሪ መመርመሪያው ጉድጓድ ውስጥ ወርደው፣ በባትሪ አብርተው አዩና "ዝገቱ እስከ ብረቱ ተጠርጎ ይቅረብ" ብለው ጻፉ። ሥራ ማለት ይህ ነውና አልተቀየምሁም።

፪. በምን እንደሚጠረግ ግን ወረቀቱ አይናገርም። በሽቦ ብሩሽ ጀምሬ በስምንት ቀን አንድ ክንድ ያህል አጸዳሁ። በዘጠነኛው ቀን ጎረቤታችን ጎሚስታው በአጥር በኩል አየኝና፣ "የኔታ፣ በዚህ አያያዝዎ ከዝገቱ በፊት እርስዎ ነዎት የሚያልቁት" አለኝ። በአየር ግፊት አሸዋ እየረጨ ዝገት የሚልጠውን መሣሪያ፣ ኮምፕሬሰሩን፣ አሸዋ የሚሞላበትን በርሜልና ቱቦውን፣ በጋሪ ጭኖ አመጣልኝ። የጭነት ሳጥኑን አውርደን፣ ጎማዎቹን ፈትተን፣ መኪናውን በግቢዬ መሐል በእንጨት ጉማጆች ላይ አቆምነው። አሸዋውን በመስኮት ወንፊት ሦስት ጊዜ ነፋሁት፤ እርጥብ አሸዋ የቱቦውን አፍንጫ ይደፍናልና በቆርቆሮ ላይ አሰጣሁት። ዙሪያውን በሸራ ጋረድሁ፤ ከራሴ እስከ ደረቴ የሚወርድ ጭንብልም አጠለቅሁ። ሸራው አልበቃም። ከበስተጀርባ ያለችው ጎረቤቴ በሁለተኛው ቀን ብቅ ብላ፣ "የኔታ፣ አንሶላዬን ያጠብሁት ለእርስዎ ሻንሲ ነው እንዴ?" አለችኝ። ይቅርታ ጠይቄ አንሶላዋን አራገፍሁላት። ለዚህ ሁሉ አቧራ ምክንያቱ የጽሕፈት ቤትዎ ትእዛዝ መሆኑን አልነገርኋትም፤ ስምዎን ለመጠበቅ ነው።

፫. ጎሚስታው የቱቦውን አፍንጫ አንድ ቦታ እንዳላቆመው፣ ብረቱን እንዳይበላው፣ ጋደም አድርጌ እንድነዳው አስጠነቀቀኝ። ብዕር የሚያዘውም እንዲሁ ስለ ሆነ አልተቸገርሁም። በሦስተኛው ቀን ከጋቢናው ኋላ፣ በግራው ጎን፣ ዝገቱ በቁራጭ በቁራጭ ረገፈና ከሥሩ ሁለት የብየዳ መስመሮች ወጡ። እያንዳንዳቸው ከስንዝር ያልፋሉ። ሻንሲው በአንድ ወቅት ተሰንጥቆ ነበር፤ ልጄ በጀርባው ተኝቶ ራሱ በይዶታል።

ይህን ልጅ ከደብተሩ መስመር የሚወጣ እጅ ስለ ነበረው ስንት ጊዜ እንደ ቀጣሁት ቁጥሩን አላስታውስም። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ብየዳ ቤት ሲገባ "እጅህ ለምንም አይሆንም" ብዬዋለሁ። በሰው ፊት ነበር ያልሁት፤ ቃሌን አልክድም። እነዚያ ሁለት መስመሮች ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አልተዛነፉም፤ እንደ ዓሣ ቅርፊት አንዱ ባንዱ ላይ እኩል ተደርቦ፣ የትኛውም ከጎኑ ካለው አይሰፋም፣ አይጠብም። በአርባ አንድ ዓመት ካረምኋቸው ደብተሮች ውስጥ እንዲህ ያለ እጅ ያየሁት ምናልባት በሁለቱ ወይም በሦስቱ ነው። አየሩን ዘጋሁት። ጎሚስታው "ምነው የኔታ፣ አሸዋ አለቀ?" አለኝ። "አላለቀም" አልሁት። አየሩን ከፍተን ሥራችንን ቀጠልን።

፬. ጸድቶ፣ ተገጣጥሞ በድጋሚ የቀረበውን መኪና ጽሕፈት ቤትዎ ጣለው። ምክንያቱ ብየዳዎቹ መታየታቸው ነው። "ማንነቱ ባልታወቀ በያጅ የተሠራ ስለ ሆነ ተቆርጦ በአዲስ ይተካ፤ አለዚያ በያጁ የሙያ ፈቃዱን ይዞ በአካል ይቅረብ" ይላል። በዝገት ተሸፍኖ ሰባት ዓመት ያለፈ መኪና ንጹሕ ሆኖ ሲቀርብ መውደቁ ለእኔ ለመምህሩ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። የልጄን የሙያ ፈቃድ ከነሞት ምስክር ወረቀቱ ይዤ መስኮት ቁጥር አራት ሄድሁ። ወይዘሪቷ በትሕትና አገላብጣ አየችና፣ "ወረቀቱ ጥሩ ነው አባባ፣ ግን 'በአካል' ይላል" አለችኝ። ልጄ ስላልቀረበ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጽሕፈት ቤቱን ንቆ አይደለም።

፭. ከቅጥርዎ በር አጠገብ፣ በራስዎ ዛፍ ጥላ ሥር፣ በራስዎ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚውል አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ አለ። ወረቀቴን ሳላሳየው ችግሬን ያውቃል። "ጋሼ፣ ሞተ እያሉ ምን አደከምዎ? ፈቃድ ያለው፣ በሕይወት ያለ በያጅ ላምጣልዎ፤ እኔ ነኝ የሠራሁት ብሎ ይፈርማል፣ ዛሬውኑ ያልቃል" አለኝ። እንዲህ ያለውን አገልግሎት ለደጅ ጠኚ ይህን ያህል ቅርብ ማድረግዎ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም የሕፃናትን የቤት ሥራ ታላላቆቻቸው ሲጽፉላቸው ገጹን ስቀድድ የኖርሁ ሰው፣ የልጄን ሥራ በሌላ ሰው ስም አላስጽፍም።

፮. የልጄ ሚስት በዚህ መኪና ከማለዳ ጀምሮ ለአሥራ አራት ሱቆች ዳቦ ታደርስ ነበር። ከቆመ ወዲህ በትከሻዋ ተሸክማ የምታደርሰው ለሦስቱ ብቻ ነው። ስለ ውሳኔው ስነግራት እጇን ከሊጡ ሳታወጣ፣ "ይቆረጥ አባባ። ልጆቹ ብረት አይበሉም" አለች። ትክክል ናት። ሁለት ቀን አሰብሁበት።

የቀረው ዘጠኝ ቀን ነው።

እንግዲህ የምለምነው ይህ ነው። ብየዳው በመዶሻ ይመታ፤ የጭነት ሳጥኑ አፉ ድረስ አሸዋ ተሞልቶ በጉድጓድ መንገድ ይነዳ፤ ከዚያ ይታይ። የተሰነጠቀ እንደ ሆነ መቁረጫውን ራሴ ይዤ፣ ራሴ እቆርጠዋለሁ፤ ለማንም አቤት አልልም። ካልተሰነጠቀ ግን ይፈረምልን። ሠሪው ባይችልም ሥራው በአካል ቀርቧል። እንቢ የሚሉ ከሆነም፣ በብየዳው ላይ የተገኘውን ጉድለት በአንድ መስመር ጽፈው ይስጡኝ፤ ስሕተቱ ሳይነገረው ያረምሁት ተማሪ የለኝምና።

ጊዜዎን ስለ ወሰድሁ፣ ወረፋዎንም ስላስረዘምሁ ምሕረትዎን እየጠየቅሁ፣ የተሰጠኝን የተራ ቁጥር በኪሴ እንደ ያዝሁ፣ በታላቅ አክብሮት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የበያጁ አባት

ማስታወሻ፦ ክቡር ሆይ፣ "ተቆርጦ ይተካ" የሚለውን ውሳኔ በፊርማቸው ያጸደቁት መርማሪዎ ስማቸው በእኔ ዘንድ የተጠበቀ ነው። መኪናው በወደቀበት ቀን ከጉድጓዱ ወጥተው፣ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው፣ ወረቀቱን ከሰጡኝ በኋላ ማንም እንዳይሰማ ጠጋ ብለው አንድ ነገር ጠየቁኝ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ምናልባት እርስዎ ቢመልሱላቸው ብዬ ቃላቸውን ሳልጨምር ሳልቀንስ አሰፍረዋለሁ፦ "አባባ፣ ይሄን የበየደው ልጅ የት ነው የሚሠራው? የኔም መኪና ሻንሲ ተሰንጥቋል፤ ከሱ ሌላ ለማንም አልሰጠውም።"