ብርቱካን ያለበት ቤት

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6

አባዬ ከሐኪም ተመለሰ። ደም ግፊቱ ጣራ ነክቷል። በወር ውስጥ ካልወረደ የሹፌርነት የጤና ወረቀቱ አይታደስም... ኮልፋክስ ጎዳና ላይ አውቶቡስ መንዳት ቀረ ማለት ነው። አትክልትና ፍራፍሬ ብላ ተብሏል። እራት ላይ ጎመን አቀረብኩለት።

«ዛሬ እኮ ሰኞ ነው!» አለ።

ጎመን የረቡዕና የዓርብ ነዋ። በፍስክ ቀን ጎመን የሚበላ ወይ ያጣ፣ ወይ ፍየል። «ጎመን በጤና» እያለ የሚተርተው ታዲያ ማን ነበር? ያውም ጥብስ እየጎረሰ... «ለሰው እንዳትናገሪ» አለኝ ደግሞ። ለማን ልናገር? ለፍየሎቹ?

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9

ብርቱካንና ሙዝ ገዝቼ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። እማዬ ገና ከበር፣ «ማን ታመመ?» እኛ ዘንድ ፍራፍሬ የበሽተኛ መጠየቂያ ነው። ጤነኛ ሰው ሥጋ ይበላል... እስኪታመም።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 11

እትዬ ፀዳል ከሚኖሩበት ከሴንቴኒያል ድረስ ድስት ሊመልሱ መጡ። ብርቱካኑን አዩ። አባዬን አዩ። እንደገና ብርቱካኑን። ሦስት ሰዓት ወሬ የማይበቃቸው ሴትዮ በአምስት ደቂቃ ወጡ። ምን ነካቸው?

እሁድ፣ ኦክቶበር 12

ገባኝ። ከቤተክርስቲያን መልስ በእትዬ ፀዳል መሪነት ሰባት ሰው፣ ሰባት ፌስታል ብርቱካን።

«እግዜር ይማርህ፣ ጣሰው!»

«ኧረ ደህና ነኝ!»

«አይ... የጠናበት ሰው እንዲህ ነው የሚለው» አሉ ጋሽ ተክለሚካኤል፣ የአባዬ የልብ ጓደኛ። ለማልቀስ ትንሽ ነው የቀራቸው።

አባዬ ተሸነፈ። «ግፊት ነው። ሥራዬን ላጣ ነው።»

ጋሽ ተክለሚካኤል ከኮታቸው ኪስ የክኒን ብልቃጥ አወጡ። እሳቸውም ግፊት፣ ሁለት ዓመታቸው። እትዬ ፀዳል ስኳር። ለካ ሁሉም ተደባብቀው፣ በየቤቱ ለክብራቸው የሚቀርበውን ክትፎ እምቢ ማለት አፍረው...

ይህን ጊዜ እማዬ ጥብስ ይዛ ገባች። እነሱም በሉት። እንግዳ እኮ ናቸው፤ ምን ያድርጉ?

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 16

ብርቱካኑ አላልቅ አለ። «ሰው ያመጣው አይጣልም» እያለ አባዬ ይልጣል። ዛሬ ብቻ አራተኛው።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 11

ወረደ! ብዙ አይደለም... ግን ወረቀቱ ለሦስት ወር ታደሰ። ማታ ጋሽ ተክለሚካኤል እንኳን ደስ አለህ ሊሉ መጡ። ማዕዱ ላይ ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር። ሥጋ የለም። እማዬ የሰው ዕቃ እንደሰረቀች አንገቷን ደፍታለች። እሳቸው ማዕዱን አዩ። አባዬን አዩ።

አባዬ ጎመኑን ጠቅልሎ እጁን ዘረጋ። «በሞቴ!»

ጉርሻ እምቢ አይባልም። አፋቸውን ከፈቱ።

«ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው» አሉ እያላመጡ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለና አባዬ ሁለተኛውን ጠቀለለ።