ስለ ወይዘሮ ትሁን ከበበውና ስለ ሻይ ደብተሮቻቸው ለአባላትና ለወዳጆች የተሰጠ መግለጫ

በጅቡቲ ከተማ የኢትዮጵያውያን ሠራተኞች መረዳጃ ማኅበር አባል የነበሩት ወይዘሮ ትሁን ከበበው ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ማክሰኞ ማርች 14 ቀን 2017 በተወለዱ በ51 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሐዘናችን ከባድ ነው። ሌላ ሰው አሳንሶ ሳይጽፋቸው በፊት ማን እንደነበሩ እኛ እንጽፋለን። በመግለጫው ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወይዘሮ ትሁን ከኮምቦልቻ ተነሥተው በ1998 ጅቡቲ ገቡ፤ ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር በሐጂ ባሺር ቤት በቤት ሠራተኝነት ተቀጠሩ። ሐጂ ባሺር አርባ ዓመት ሙሉ ከኤደን በጀልባ ሻይ ቅጠል እያስመጡ በባቡር ወደ ድሬዳዋ ሲልኩ የኖሩ ነጋዴ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ግን ዓይናቸው ጠፍቶ አልጋ ላይ ውለዋል። ወይዘሮ ትሁን ሻይ ባቀረቡላቸው ቁጥር ስለ ሳጥኑ፣ ስለ ጀልባው፣ ስለ ተሸካሚው ያወሩላቸው ነበር። አንድ ቀን «አንቺ ልጅ፣ መጻፍ ትችያለሽ?» ብለው ጠየቋቸው።

«በአማርኛ እችላለሁ።»

«እንግዲያው በአማርኛ ጻፊው። ልጆቼስ መስማት ሰልችቷቸዋል።»

የመጀመሪያው ደብተር እንዲህ ተጀመረ።

ሐጂ ባሺር በ2003 አረፉ። ወይዘሮ ትሁን በ2004 በአርሂባ ሰፈር፣ የጭነት መኪኖች ተራ በሚጠብቁበት ግድም፣ የራሳቸውን ሻይ ቤት ከፈቱ። እዚያ የገባ ሾፌር፣ የወደብ ሠራተኛ፣ የድሮ የባቡር ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠብቀው ነበር፦ «በእናንተ አገር ሻይን መጀመሪያ ያመጣው ማነው?» የአፋር አርብቶ አደሮች ሻይን በወተት ማፍላት ከማን እንደተማሩ፣ ቅርንፉዱ በየትኛው ጣቢያ እንደተጨመረ፣ ስኳር በጠፋበት ዘመን ሾፌሮች ቴምር እየነከሱ እንዴት ይጠጡ እንደነበር በሰውና በቦታ ስም መዝግበዋል። «ሳትመልስ ከወጣህ በሚቀጥለው ጉዞ ካቆምክበት ትይዝሃለች» ይላሉ የረጅም መንገድ ሾፌሩ አቶ ሙላው። በመጨረሻ የ214 ሰዎች ቃል ዘጠኝ ደብተር ሞላ።

በ2011 አንድ የጥናት ተቋም ከደብተሮቹ ሦስቱን «አይቼ ልመልስ» ብሎ ተዋሰ። ከስምንት ወር በኋላ ገጾቹ በፈረንሳይኛ ተተርጉመው እዚሁ ጅቡቲ ከተማ በምኒልክ አደባባይ አጠገብ በተከፈተ ዐውደ ርእይ ተሰቀሉ። ከጎናቸው የወይዘሮ ትሁን ፎቶግራፍ ነበር፤ ከሥሩ «ሻይ ሻጭ» ይላል። ስም የለውም።

እዚህ ላይ ማኅበሩ የራሱንም ጥፋት ይናገራል። የጊዜው ኮሚቴ ወይዘሮ ትሁንን ጠርቶ «የሰው አገር ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድሽን እንዳያስነጥቅሽ ዝም በይ» ብሏቸዋል። እሳቸውም «እናንተ ዝም በሉ፤ እኔ ሥራ አለብኝ» ብለው ወጡ። ያን ቃል በቃለ ጉባኤያችን አላሰፈርነውም ነበር። ዛሬ እናሰፍረዋለን።

በማግስቱ ሻይ ቤታቸውን ዘግተው ከዐውደ ርእዩ በር ላይ ቆሙ። በእጃቸው የቀሩትን ደብተሮች ገልጠው ለሚገባው ሁሉ፣ ሰው ቤት ሲሠሩ በለመዱት ፈረንሳይኛ፣ አንዳንዴም በሶማሊኛ፣ እየተረጎሙ ያነቡለት ጀመር። አስተናጋጁ «ማዳም፣ ምን ፈልገሽ ነው?» ሲላቸው «ውስጥ የሰቀላችሁትን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስሜን ጻፉበት» አሉት። ሦስት ቀን ቆሙ። በሦስተኛው ቀን በር ላይ የሚያዳምጠው ሰው ውስጥ ካለው በለጠ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ኃላፊው ራሱ ወጥቶ በእያንዳንዱ ገጽ ሥር ስማቸውን በእጁ ጻፈ፤ ደብተሮቹንም መለሰ።

ከ2012 ጀምሮ በየዓርቡ፣ የቤት ሠራተኞች እረፍት በሚያገኙበት ቀን፣ በማኅበራችን አዳራሽ ደብተሮቹን እያነበቡ አስተምረዋል። ሕመሙ ሲበረታና እጃቸው ሲደክም አባላችን ወይዘሪት ኻሊዳ ከአፋቸው እየተቀበሉ ጽፈውላቸዋል።

በሞት ማስረጃቸው ላይ ሙያቸው «የቤት ሠራተኛ» ተብሎ ተሞልቷል። አብዛኞቻችን የምንኖርበት ሥራ ነው፤ አናፍርበትም። ወይዘሮ ትሁን ግን ካለፉት ዐሥራ ሦስት ዓመታት አንዲት ቀን እንኳ በሰው ቤት አላገለገሉም። እንዲታረም ጠየቅን፤ «ወረቀቱ ተዘግቷል» ተባልን።

ለልጃቸው ለወይዘሪት ፀዳል፣ ኮምቦልቻ ለሚገኙት ወንድማቸው ለአቶ ታፈሰ ከበበው፣ ለሐጂ ባሺር ቤተሰብ፣ ቃላቸውን ለሰጧቸው ሾፌሮችና የወደብ ሠራተኞች ሁሉ ፈጣሪ ብርታቱን እንዲሰጥልን እንለምናለን። ደብተሮቹ በልጃቸው ፈቃድ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይቀመጣሉ። ማንም መጥቶ ማንበብ ይችላል፤ ይዞ መውጣት ግን አይችልም።

ሥርዓተ ቀብራቸው ሐሙስ ዕለት ተፈጽሟል። በመቃብራቸው ላይ ያቆምነው ሰሌዳ በአማርኛና በፈረንሳይኛ «ትሁን ከበበው፣ የሻይን ታሪክ የጻፈች» ይላል። የመቃብር ጠባቂው ከወረቀቱ ጋር እንደማይገጥም አይተው ማን እንደፈቀደልን ጠይቀውናል። የፈቀደልን የለም። እኛም አልጠየቅንም።

የማኅበሩ ሥራ አመራር ኮሚቴ
ጅቡቲ ከተማ፣ ማርች 19 ቀን 2017