የሐይቅ ሥር ብረት ተመራማሪዋ የዶክተር ሂልካ ፑርሲያይነን የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ሂልካ ፑርሲያይነን ግንድ በወንዝ እያንሳፈፉ ቤተሰብ ያስተዳድሩ ከነበሩት ከአባታቸው ከአቶ ኤይኖ ፑርሲያይነንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሌምፒ ካርፒነን፣ በሰሜን ፊንላንድ በካይኑ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1941 ተወለዱ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በካያኒ ከተማ አጠናቀው ከኦውሉ ዩኒቨርሲቲ በሥነ ምድር ተመረቁ። በ1968 ከአውቶቡስ ሹፌሩ ከአቶ አርቮ ሌሂኮይነን ጋር ትዳር መሥርተው ልጃቸውን ሲርካን ወለዱ።

በ1971 በአንድ የምርምር ተቋም ተቀጥረው ዕድሜያቸውን የፈጀውን ጥያቄ ያዙ፤ የአየር ጠባይ ሲለያይ በሐይቅ ደለል ውስጥ ያለው ብረት ምን ዓይነት ማዕድን ይሆናል? ለዚህም ከላፕላንድ በረዶ ሥር፣ ከስፔን ደረቅ ሜዳና ከኡጋንዳ ሞቃት ሐይቆች ደለል በቱቦ አወጡ። በጥቁሩ ደለል ያሉት ማዕድናት አየር ከነካቸው ስለሚዝጉ፣ ቱቦዎቹ ታሽገው በማቀዝቀዣ ክፍል ይቀመጡ ነበር።

በ1993 በጋ አቶ አርቮ በካንሰር ታመው ዶክተር ሂልካ ሲያስታምሙ፣ የተቋሙ ኃላፊ ወጪ ለመቀነስ ብለው ማቀዝቀዣውን አስጠፉ፤ ቱቦዎቹንም ከፍተው መጋዘን አስጣሉ። ደውሎ የነገራቸው የለም። ባላቸውን ቀብረው ሲመለሱ ደለሉ ደርቆ ተሰነጣጥቆ፣ ጥቁሩ ሁሉ ዝጎ ጠበቃቸው።

ኃላፊው በስብሰባ ላይ፣ «ሂልካ፣ ጭቃ እኮ ነው! ሐይቁ እንደሆነ የትም አይሄድብሽ» አሏቸው።

«ሐይቁማ አይሄድም፤ የሚሄደው የእኔ ዕድሜ ነው» ሲሉ መለሱ።

ከባልደረቦቻቸው ትንፍሽ ያለ አልነበረም። የአንዳንዶቹ ስም ዛሬ ለቀብራቸው በመጣው የአበባ ጉንጉን ላይ ተጽፏል።

ከዚያ በኋላ በየክረምቱ በረዶ እየበሱ፣ ሲርካ ዕቃውን በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ እየጎተተችላቸው፣ የሰሜኑን ሐይቆች እንደገና አጠኑ። ወደ ስፔንና ኡጋንዳ ግን ተቋሙ ዳግመኛ አልላካቸውም። በ2004 የታተመው መጽሐፋቸው የቀዝቃዛውን አገር ብቻ የያዘ ሆነ። እኛ የእህታቸው ልጆች ደስታችንን ልንገልጽ ስንሄድ፣ «ግማሽ መጽሐፍ ነው፤ እንኳን ደስ አለሽ አትበሉኝ» ብለው ኬኩን ሳይቆርሱት ቀሩ።

በጉበት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው በየካቲት 2019 በተወለዱ በ77 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ልጃቸውን ሲርካን፣ ሁለት የልጅ ልጆችንና ይህን የጻፍነውን እኛን የእህታቸውን ልጆች ትተው ሄደዋል።

ሕመሙ በጠናባቸው ሰሞን ለሲርካ፣ «ከተቋሙ ከመጡ ቡና አጠጪያቸው፤ ንግግር ግን እንዳታስደርጊ። ያኔ ዝም ብለዋል፣ አሁንም ዝም ይበሉ» ብለው ተናዝዘዋል። ቃላቸው ይከበራል።

የደከመን የሚያሳርፍ አምላክ ነፍሳቸውን ይቀበል።